አበበ ቢቂላ በሐኪም ዓይን

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። በሮማ በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ ደግሞ ተጫምቶ ሮጦ ሁለት የኦሎምፒክ ማራቶን ማሸነፉን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ይኸንኑ ደግመን ለመተረክ ብቻ ብዕር አላነሣንም። ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው የሕይወቱን ሌላ ገጽ ነው፤ ይኸውም ያ ዝነኛ አካል በሐኪሞች እጅ የገባባቸውን ጊዜያት፣ ሐኪሞቹ ምን ሊያደርጉለት እንደ ቻሉና ምን እንዳልቻሉ፣ እሱ ባሸነፈበት ከተማ ይወለድ የነበረው አዲስ የመጋጠሚያ ቀዶ ጥገና ደግሞ ዛሬ ለሯጭ ዳሌ ምን እንዳመጣ ነው። ሕዝቡ ገና በሕይወቱ ሳለ ማዕርጉንና አንቱታውን ትቶ አበበ ብሎ መጥራትን ስለ ለመደ፣ እኛም በዚያው እንቀጥላለን።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። አገሩ ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በዚህ ከተማ የምንማር ሁሉ የጥቅምቱን ውርጭና የአየሩን ቅጥነት ደረጃ ስንወጣ በትንፋሻችን እንመሰክራለን። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከጃቶ ተነሥቶ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ስፍራ ሄዶ ነበር፤ ኋላም ወደ እርሻው ተመለሰ። ልጁ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ከብት ጠበቀ፤ የገናም ጨዋታ ተጫወተ። የገና ጨዋታ በሜዳ ተከልሎ የሚጫወቱት ነገር አይደለም፤ ግቡና ግቡ አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች የሚራራቅ፣ ሩሩን እያሳደዱ ገደል ለገደል መሮጥ ነው። የአበበን የመጀመሪያ አሠልጣኝ መጥቀስ ካለብን ከፈረንጁ በፊት ይኸን ጨዋታ እንጠቅሳለን።

በ1944 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባለው የስዊድን አገር ሰው፣ የጦሩ የስፖርት አሠልጣኝ፣ ተሰጥዎውን አይቶ ያዘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ በሮማ ጎዳና በችቦ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨርሶ፣ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ቀደመ። ጥሎት የሄደው ያን ጊዜ በሮማ አደባባይ ቆሞ በነበረው፣ ኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ በተመለሰው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው። ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ የሚገዛለት በማጣቱ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የተሰጠው አዲስ ጫማ ስላልተስማማው፣ በለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። ለእግሩ የሚስማማውን ያወቀው ራሱ ነበር ማለት ነው። ይኸ ነገር ወደ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ይበልልን።

የ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር ክቡር ዘበኛን በጠቅላላው ሲያናውጥ እሱም ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። በተከታዮቹ ዓመታት በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ አሸነፈ። በዕድሜው ከሮጣቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን ድል አድርጓል።

ሐኪም በታሪኩ ውስጥ መጀመሪያ ጎልቶ የሚገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ በልምምድ ላይ ሆዱን ያመው ጀመር። ሆስፒታል ሲደርስ የትርፍ አንጀት ሕመም መሆኑ ታወቀና መስከረም 6 ቀን ኦፕራሲዮን ተደረገ። የማራቶኑ ቀን ጥቅምት 11 ነበር። መካከሉ ልክ አምስት ሳምንት ነው። በዚያ ዘመን ትርፍ አንጀትን ለማውጣት የሆድን ግድግዳ በቢላዋ ከመክፈት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። በሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች መሣሪያና መመልከቻ አግብቶ ማውጣቱን ኩርት ዜም የተባለ የጀርመን ሐኪም የሠራው በፈረንጆች 1980 ነው፤ እሱንም የሙያ ባልደረቦቹ እንደ ወንጀለኛ ቆጥረውት ነበር። የአበበ ቁስል እንግዲህ የጥንቱ ዓይነት ቁስል ነበር። ቆዳው በአሥር ቀን ቢደርቅ እንኳ ከሥሩ ያለው ሽፋን ጥንካሬውን ለማግኘት ወራት ይፈልጋል። እሱ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥቶ ቆመ፤ ሳምንት ሳይሞላው ከሆስፒታል ወጣ።

በቶኪዮም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበትን ጊዜ አስመዘገበ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ቤዝል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። አበበም እስኪደርሱ ድረስ በስታዲዮሙ ሣር ላይ ጂምናስቲክ እየሠራ ቆየ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የኦሎምፒክን ማራቶን ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ሰው ይኸን ሲያወራ የሐኪሙን ድርሻ ይረሳዋል። ሕመሙ ሳይፈነዳ ታውቆ በጊዜው ባይቆረጥ ኖሮ ቶኪዮ የሚባል ነገር በሕይወቱ ባልኖረም ነበር፤ ምናልባት ሕይወቱም ባልኖረ።

ያን ሰሞን በዚያችው ከተማ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። ከስታዲዮሙ ጩኸት ርቆ፣ ማሳኪ ዋታናቤ የተባለ ጃፓናዊ የአጥንት ሐኪም፣ እንደ እርሳስ በቀጠነ ቱቦ የሰውን ጉልበት ውስጡን ይመለከት ነበር። ጥበቡ የመምህሩ የኬንጂ ታካጊ ነው። ታካጊ በፈረንጆች 1918 የፊኛ መመልከቻ መሣሪያ ወስዶ በሬሳ ጉልበት ውስጥ አስገብቶ አየ። ያስጨነቀው የመጋጠሚያ ሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ጉልበቱ የደረቀ ጃፓናዊ ተንበርክኮ መቀመጥ ስለማይችል ከቤተ ሰቡ ማዕድ እንደ ተለየ ይቆጠራል። (እኛስ አገር ዳሌው ወይም ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሰው ለስግደትና ለበርጩማ ምን ይሆን?) ዋታናቤ መሣሪያውን አሻሽሎ አሻሽሎ ሃያ አንደኛው ላይ ሲደርስ በእውነት የሚሠራ አርትሮስኮፕ አገኘ። ጫፉ ላይ ትንሽ አምፑል ነበረችው፤ አንዳንድ ጊዜም በመጋጠሚያው ውስጥ ትሰበር ነበር። በፈረንጆች 1962 በዚሁ መሣሪያ እየተመለከተ የተቀደደ የጉልበት ልም አጥንት ቆርጦ አወጣ። ጉልበት ሳይከፈት፣ በቀዳዳ ብቻ።

ከካናዳ የኦሎምፒክ ቡድን ጋር የመጣ ሮበርት ጃክሰን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። በቶኪዮ ቆይታው ከዋታናቤ ዘንድ ሄዶ ጥበቡን ተማረ፤ በተከታዩም ዓመት መሣሪያውን ይዞ ቶሮንቶ ገባ። ወደ ሰሜን አሜሪካ ይኸ ሙያ የተስፋፋው በአብዛኛው በእሱ ነው። እንግዲህ አበበ ድል ባደረገበት ወር፣ በዚያው ከተማ፣ የሯጮችን መጋጠሚያ የሚያድን ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ጃክሰንን አንባቢ እንዳይረሳው እንለምናለን፤ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል።

ከቶኪዮ በኋላ የአበበ እግር እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ1959 ዓ.ም. ክረምት በእስፔን አገር በዛራውስ ማራቶን ሲሮጥ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎዳ፤ ሩጫውንም አልጨረሰም። በተከታዩ ዓመት ወደ ጀርመን አገር ሄዶ እግሩን ታከመ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ 1 ቁጥር ደረቱ ላይ ለጥፎ ቢነሣም 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ እግሩ እምቢ ስላለው አቋረጠ። ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደው።

ስለ ሜክሲኮ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ጀግናው ወኔ ነው፤ ታሞም ቢሆን መነሣቱ ይወደሳል። ወኔውን አንክድም። ዳሩ ግን የተጎዳ እግርን ለ42 ኪሎ ሜትር ማሰለፍ ሊወደስ የሚገባው ነገር መሆኑን እንጠራጠራለን። በሮማ ጫማው አልተስማማኝም ብሎ የጣለ ሰው፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ አካሉ የነገረውን እንዳይሰማ ያደረገው የአንድ አገር ሁሉ ዓይን በእግሩ ላይ መሆኑ ነው። በቶኪዮ ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊ ኮኪቺ ጹቡራያም እንዲሁ ሕመምና የአገር ተስፋ ተደራርበው ከበዱት፤ ከሜክሲኮው ኦሎምፒክ በፊት፣ በፈረንጆች 1968 መባቻ፣ በገዛ እጁ ሞተ። ሯጭ ሕመሙን የሚደብቅበት ምክንያት ብዙ ነው።

ይኸን የምንጽፈው ነገሩ ያለፈ ታሪክ ስላልሆነ ነው። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ብሽሽቱ ውስጥ የሚወጋ ሕመም የሚሰማው፣ ሲታጠፍ ዳሌው ውስጥ ቀጭ የሚልበት፣ ከታክሲ ሲወርድ ፊቱን የሚያጨማድድ ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ከመካከላችንም አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ ነው ይባልና ወጌሻ ያሸዋል፤ ቅባት ይቀባል፤ ጥቂት ይሻለዋል፤ ደግሞ ይመለሳል። ወጌሻውን አንንቅም፤ የተሳበ ጡንቻ በእጁ የሚድንለት ብዙ ነው። ነገር ግን ጣቱ ሊደርስበት የማይችል ጥልቅ ስፍራ አለ። እሱም የዳሌ መጋጠሚያ ነው።

የዳሌ መጋጠሚያ ኳስ በጽዋ እንደ ማለት ነው። ኳሱ የጭን አጥንት ራስ ሲሆን ጽዋው የዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ነው። ሁለቱም በለሰለሰ ልም አጥንት ተለብጠዋል። በጽዋው አፍ ዙሪያ ደግሞ እንደ ከንፈር ያለ ጠንካራ ለበቅ የመሰለ ቀለበት ዞሮታል፤ ሐኪሞች በላቲን ላብረም የሚሉት ይኸው ከንፈር ነው። ሥራው በመጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ አፍኖ መያዝና ኳሱን በጽዋው ማጽናት ነው። ይኸ ከንፈር ሲቀደድ ፈሳሹ ያመልጣል፤ ልም አጥንቱ ከልም አጥንት ጋር ይፋተጋል፤ ከቆየም ወደ መጋጠሚያ መበላት ሊያደርስ ይችላል።

የሚቀደደው ለምንድን ነው? በፈረንጆች 2003 ራይንሆልድ ጋንጽ የተባለ የስዊስ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ግልጽ አድርጎ እንዳሳየው፣ በብዙዎች ላይ ጥፋቱ ከአጥንቱ ቅርጽ ነው። የጭኑ አጥንት አንገት ላይ ጉብታ ይኖራል፤ ወይም የጽዋው ጠርዝ ከመጠን በላይ ወጥቶ ይገኛል። ጭን በታጠፈ ቁጥር ጉብታው ከንፈሩን ይቆነጥጠዋል። ጉብታውም ብዙ ጊዜ የሚያድገው በጉርምስና፣ አጥንት ገና ሳይዘጋ፣ ከባድ ስፖርት በሚያዘወትሩ ልጆች ላይ መሆኑ ታውቋል፤ በእግር ኳስና ከገናችን ጋር ዝምድና ባለው በበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋቾች ብዙ ታይቷል። ለአሠልጣኞቻችን ትልቅ ነገር ነው እንላለን፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅን እንደ ጎልማሳ ማልፋት ኋላ በሠላሳ ዓመቱ ይከፈልበታል።

ዋታናቤ ጉልበትን ከከፈተው መንገድ ዳሌ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። ማይክል በርማን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በፈረንጆች 1931 የሬሳ መጋጠሚያዎችን በመመልከቻ ሲመረምር ዳሌንም ሞክሮ ነበር፤ በኳሱና በጽዋው መካከል ግን መርፌ እንኳ ማስገባት እንደማይቻል ፈረደ። እውነቱን ነው፤ ዳሌ በወፍራም ጡንቻ ውስጥ የተቀበረ፣ ኳሱም በጽዋው ውስጥ እንደ ታሸገ ያለ ነው። መፍትሔው የተገኘው ሕመምተኛውን በልዩ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ እግሩን በመሣሪያ በመሳብ ኳሱን ከጽዋው በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ ሲቻል ነው። ከዚያ በራጅ እየተመሩ በሁለት ወይም በሦስት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም በማይበልጥ፣ ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ንጹሕ ውሃ በግፊት እየፈሰሰ መጋጠሚያውን ይገልጠዋል። ሐኪሙም ቴሌቪዥን እያየ የተቀደደውን ከንፈር አጥንቱ ላይ በሚተከሉ ትንንሽ መልሕቆች መልሶ ይሰፋዋል፤ ጉብታውንም ይሞርደዋል። እግሩ ተስቦ የሚቆይበት ጊዜ እንዳይረዝም ይጠነቀቃል፤ ከረዘመ ነርቭ ይደነዝዛልና። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጥቂት ሳምንት በክራንች ይራመዳል፤ ወደ ሩጫ ለመመለስ ግን ወራት ያስፈልጉታል። ቀዳዳው ትንሽ ስለ ሆነ ጉዳቱም ትንሽ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም።

ደግሞም እያንዳንዱ ቅዳድ ቢላዋ አይሻም። ምንም ሕመም የማይሰማቸው ብዙ ሰዎች በኤም አር አይ ሲታዩ ከንፈሩ ተቀዶ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር 348 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለከፊሉ ይኸን ኦፕራሲዮን፣ ለከፊሉ በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የሰጠ ጥናት በፈረንጆች 2018 ታትሞ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ ኦፕራሲዮን የተደረጉት በአንድ ዓመቱ የበለጠ ተሻላቸው፤ ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር አይደለም። እንግዲህ የመጀመሪያው መድኃኒት ልምምድን ቀንሶ፣ የዳሌንና የወገብን ጡንቻ አጠንክሮ፣ በባለሙያ ዓይን መታየት ነው። የጤና ሳይንስ ግቢያችን ስሙን ያገኘው ከታላቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ነውና፣ ከዚያ የሚመረቁ ጓደኞቻችን የሯጭ ብሽሽት ሲያማቸው ጡንቻ ነው ብለው እንዳያልፉት ከወዲሁ እናሳስባቸዋለን።

ወደ አበበ እንመለስ። ከሜክሲኮ በተመለሰ በአምስት ወሩ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከደብረ ብርሃን በሚመጣው መንገድ ሸኖ አጠገብ ቮልስዋገኑ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጥዋ መውጣት አልቻለም። አንገቱ ተጎድቶ ኅብለ ሠረሠሩ ተመትቶ ነበር። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ገባና ስምንት ወር ቆየ።

ትርፍ አንጀት ይቆረጣል፤ ጡንቻ ይታሻል፤ የተቀደደ ልም አጥንትም ይሰፋል። የተጎዳ ኅብለ ሠረሠርን ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ መልሶ የሚቀጥል ሐኪም አልተገኘም። ስቶክ ማንደቪል ሊያደርግለት የሚችለው ሌላ ነገር ነበር። ይኸን ክፍል በፈረንጆች 1944 ያቋቋመው ሉድቪግ ጉትማን፣ ከናዚ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ አይሁዳዊ ሐኪም ነው። ከእሱ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው በመኝታ ቁስልና በሽንት መመረዝ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። ጉትማን ሕመምተኞቹን ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጠ አዳናቸው፤ ቀጥሎም ቀስት አስያዛቸው። በፈረንጆች 1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 አካል ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ሜዳ በቀስት አወዳደረ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ መጣ። ያ ሮበርት ጃክሰንም እዚህ ላይ ይመለሳል። በዚያው በቶኪዮ ከጉትማን ጋር ተገናኝቶ የካናዳን ጎማ ወንበር ስፖርተኞች ቡድን ያቋቋመ፣ ጉትማን ካረፈ በኋላም የስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎችን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት የመራ እሱ ነው።

አበበ መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን እንደ ቀሩ ቀሩ። በተጎዳ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ፣ በ1962 ዓ.ም. ክረምት፣ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጠርቶ ሳለ ተቀምጦ ማየቱን አልወደደም። በውሾች በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ተሰልፎ 16 ተወዳዳሪዎችን ቀደመ። በሸዋ ደጋ ውርጭ እንጂ በረዶ ያላየ ልጅ በኖርዌይ በረዶ ማሸነፉን ስናስብ ከሮማው ድል ይኸኛው ይበልጥ ይደንቀናል፤ ባልንጀሮቻችን በዚህ ከኛ ጋር ሊከራከሩ ይችላሉ።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ሲገኝ ተመልካቹ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት፤ የዚያን ጊዜ የማራቶን አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ወደ ጎማ ወንበሩ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ። ዕድሜው 41 ዓመት ነበር። አስከሬኑም ብዙ ሺህ ሕዝብ ተከትሎት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ዐረፈ።